ሕመሙን ከመጻፋችን በፊት ሕመምተኛውን እንወቅ

ከበሽታ ምልክቶች ሁሉ ይልቅ ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመጣው ሕመም ነው። ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካል፤ የደም ግፊት በመሣሪያ ይታወቃል፤ ክብደት በሚዛን ላይ ይታያል። ለሕመም ግን እንደነዚህ ያለ መለኪያ እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። የሚያውቀው የሚሰማው ሰው ራሱ ብቻ ነው፤ እኛም የምናውቀው እርሱ በነገረን ልክ ነው። ስለዚህ ሕመምን ለማጥናት የተነሣ ሰው ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው በመጠየቅ ነው፤ መጠየቅም እንደ ማንኛውም የሕክምና ሥራ ሥርዓትና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ስለ ሕመም የሚደረግ ጥናት የመጠየቂያ ቅጽ አለው። የቅጹ የመጀመሪያ ገጽ የመላሹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቋንቋ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የጋብቻ ሁኔታና የመኖሪያ ቦታ ይጠይቃል። ቀጥሎ ያሉት ገጾች ስለ ሕመሙ ይጠይቃሉ። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ገጽ የጸሐፊ ሥራ አድርገው ስለሚቆጥሩት፥ ቶሎ ቶሎ ተሞልቶ ወደ ዋናው ነገር እንዲታለፍ ይፈልጋሉ። የእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። ማን እንደ ታመመ በደኅና ካልተጻፈ፥ ስንት ሰው እንደ ታመመ መጻፉ ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም። ይህም ገጽ ለአገሩ ኑሮ እንዲስማማ ሆኖ ካልተዘጋጀ፥ ለምን እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ ከተጠየቀ፥ መልሱም በአደራ ካልተጠበቀ፥ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል።

ይህን ጉዳይ ለመምህራንና ለተማሩ የከተማ ሰዎች ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። በማጂ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች ጥናት ለማድረግ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚና ረዳት የሚፈልገው ከትምህርት ቤት ነው። ሕዝቡም በበኩሉ፥ «ይህ ሰው ይህን ሁሉ የሚጠይቀን ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ያንኑ መምህር ነው። ስለዚህ የቅጹ የመጀመሪያ ገጽ እውነተኛ ወይም ሐሰተኛ መሆኑ በእናንተም እጅ ነው።

ሕመም በሥጋ ላይ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፥ ሕመም የአካል ስሜት ብቻ ሳይሆን የመንፈስም ስሜት እንደ ሆነ አስታውቋል። ከትርጓሜው ጋር በወጣው ማብራሪያም ሕመም ሁልጊዜ የግል ነገር እንደ ሆነ፥ የሰውነት ሁኔታ፣ የአእምሮ ሁኔታና ማኅበራዊ ኑሮ እንደሚለዋውጡት፥ አንድ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ፥ መናገር የማይችል ሰውም ሕመም የለበትም ማለት እንዳልሆነ ገልጿል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የአንድ አሜሪካዊ ሐኪም ትዝብት ነው። ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጽኑ ቁስል የደረሰባቸውን ወታደሮች ጠይቀው፥ ከ4ቱ 3ቱ ያህል የሕመም ማስታገሻ እንዳልፈለጉ እ.ኤ.አ. በ1946 ጻፉ። ለቆሰለው ወታደር ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት የመውጣት ምልክት ነበር። ያው ቁስል ቡና በሚለቀምበት ወራት አንዱን የቤንች ገበሬ ቢያገኘው ግን፥ የልጆቹ የዓመት ቀለብና ልብስ ከፊቱ ይጠፋል፤ ሕመሙም በዚያው መጠን ይከብድበታል። እንግዲህ የቁስሉን ስፋት ብቻ የጻፈ ሰው ሕመሙን ጽፌአለሁ ሊል አይችልም።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወገቡን ይዞ የተቀመጠ ሽማግሌ እንኳ «እንደምን ዋሉ?» ሲባል፥ «ደኅና፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ቅጹ ግን ጨዋነትን ከጤንነት ሊለይ አይችልም። ወንድ ልጅ ሕመሙን እንዳይናገር፥ ሴትም በምጥ እንዳትጮኽ ተመክረው ባደጉበት ቦታ፥ ዝም ያለውን ሁሉ «ሕመም የለበትም» ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስሕተት ያስከትላል። የመላሹን ጾታ፣ ዕድሜና አስተዳደግ ማወቅ የሚያስፈልገው ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ሰው ካልታወቀ በሽታውም አይታወቅም

የደቡብ ምዕራብ አገራችን ሕዝቡን በሚገባ ሳያውቁ መቅረት ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በፊት አይቷል። ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በአቅራቢያው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ይህ በሽታ በብርቱ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በወገብ ሕመም ይጀምራል። የሞቱት ሰዎች 30,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል። ነገር ግን ቁጥሩ እስከ ዛሬ ግምት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ የሕዝብ ቆጠራ ተደርጎ አያውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው የተደረገው በ1976 ዓ.ም. ነው። በየመንደሩ ስንት ሰው፥ በምን ዕድሜ፥ በምን ሥራ ይኖር እንደ ነበረ ስላልተመዘገበ፥ የጠፋውን በትክክል መቁጠር አልተቻለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሰውን በደኅና ጠይቆ መመዝገብ ያስገኘውን ጥቅም በእግር እብጠት ታሪክ እናያለን። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ሁሉ በትንኝ የሚተላለፍ ይመስል ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር፥ በደጋ አገር ካለው እብጠት ብዙው ከትንኝ ጋር የማይያያዝ መሆኑን አስረዱ። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ ከተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ፥ በጣም ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሚያመጡት እብጠት ነው። ለዚህ ዕውቀት መንገድ የከፈተው የታመመውን እግር ማየት ብቻ አይደለም፤ ባለ እግሩ የት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚሠራና ጫማ የሚያደርግ እንደ ሆነ መጠየቅም ነው። ይህ በሽታ በየጊዜው በሚነሣ ብርቱ ሕመምና ትኩሳት ሰውን ከሥራ እያስተጓጎለ ያስተኛዋል።

በ2005 ዓ.ም. መጨረሻና በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለዚሁ በሽታ በ659 ወረዳዎች አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ፥ 129,959 ሰዎች ተመርምረዋል። ዕድሜአቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ከ100ው 4ቱ ያህል በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ከመጀመሪያው ገጽ የተገኘውን ትምህርት ልብ እንበል። በሽታው ዕድሜአቸው በገፋ፣ በሴቶችና ባላገቡ ሰዎች ላይ በዝቶ ተገኘ፤ ትምህርት ባላቸው፣ እግራቸውን በሚታጠቡና ጫማ በሚያደርጉ ላይ ደግሞ አነሰ። ጫማና ሳሙና መድኃኒት መሆናቸውን ያስረዳን እንግዲህ የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄ ነው። ማጂም ደጋ እንደ መሆኗ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። «ያላገቡት በብዛት ታመዋል» የሚለውን አንብቦ፥ አለማግባት እግርን ያሳብጣል የሚል ሰው አይኖርም። እግሯ ያበጠ ልጃገረድ ሰው ስለሚሸሻት ሳታገባ ልትቀር ትችላለች። እንግዲህ ያው አንድ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የበሽታውን ምክንያት፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በሽታው በሰው ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይናገራል። የትኛውን እንደሚናገር ለመለየት በሽታው ከጋብቻው በፊት ይሁን ከጋብቻው በኋላ መጀመሩን ጨምሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1993 በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የእጅ ወይም የእግር አጥንታቸው ተሰብሮ የመጡ ሰዎች መዝገብ ተመረመረ። ከነጮቹ መካከል ከ100ው 26ቱ የሕመም ማስታገሻ አላገኙም ነበር፤ ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ ከሆነው መካከል ግን ያላገኙት ከ100ው 55ቱ ነበሩ። ስብራቱ አንድ ዓይነት ሲሆን ርኅራኄው ግን እኩል አልነበረም። መዝገቡ የሰዎቹን ማንነት ባይዝ ኖሮ ይህ በደል በአማካይ ቁጥር ውስጥ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። በእኛስ ጤና ጣቢያዎች ማስታገሻ ሳያገኝ የሚመለሰው ማን ነው? አማርኛ የማይናገረው ነው? ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣው ነው? አሮጊቷ ናት? መዝገባችን ይህን ካልያዘ መልሱን አናውቀውም፤ የማናውቀውንም ልናርም አንችልም።

እያንዳንዱ ጥያቄ ለአገሩ እንዲስማማ

ቅጾቻችን ብዙውን ጊዜ ከሌላ አገር ቅጽ የተቀዱ ናቸው። ተምሬ በመጣሁበት አገር ሁሉም ሰው የተወለደበትን ቀን ያውቃል፤ ደመወዙንም በየወሩ ይቀበላል፤ ቅጹም በዚያ ልክ ተሰፍቷል። ለእኛ ግን ልብሱ እንደ ገና ሊሰፋ ይገባል።

ስለ ዕድሜ። ብዙ የገጠር ሰዎች የልደታቸው ቀን አልተጻፈላቸውም። የልደትና የሞት ምዝገባን የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፥ ምዝገባው በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ አዋቂ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ 40፣ 50 ወይም 60 እያለ በግምት ይመልሳል። በሕዝብ ቆጠራዎቻችንም በ0ና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ በላይ በዝተው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጥሎ የታሰበው አራተኛው ደጋግሞ ስለ ተላለፈ፥ በእጃችን ያለው መነጻጸሪያ ያረጀ ነው። የጉልበትና የወገብ ሕመም ከዕድሜ ጋር የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ዕድሜ ከተሳሳተ ጥናቱም ይሳሳታል። መድኃኒቱ ሰውየውን «ስንት ዓመትህ ነው?» ከማለት ይልቅ፥ በ1966ቱ አብዮት ጊዜ፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወይም በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ምን ያህል ልጅ እንደ ነበረ መጠየቅ ነው።

ስለ ሥራ። «ገበሬ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዱ የቡና ከረጢት በትከሻው ይሸከማል፤ አንዱ በገጀራ ሲመነጥር ይውላል፤ ሌላው ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ ላይ ይወጣል። የሦስቱ ሕመም አንድ አይደለም። ከዚህ የባሰው «የቤት እመቤት» የሚለው ነው። በዚህ ስም የተጻፈችው ሴት ጎህ ሲቀድ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ፣ ቡና ለቅማና ልጅ አዝላ የዋለች ልትሆን ትችላለች። ቅጹ ግን ከቤት እንዳልወጣች አድርጎ ያሳያታል፤ የጀርባ ሕመሟም ምክንያት የሌለው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሥራውን ስም ሳይሆን፥ ትናንት ከማለዳ እስከ ማታ የተሠራውን ሥራ መጠየቅ የተሻለ ነው።

ስለ መኖሪያ። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች በለቀማ ወራት ከሌላ አገር ብዙ ሠራተኛ ይመጣል። በዚያ ወር የተደረገ ጥናት የመጤውንና የነባሩን ሕመም ያደባልቃል። መላሹ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ መጣና መቼ እንደሚመለስ መጻፍ አለበት። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውም መንገድ በኪሎሜትር ሳይሆን፥ በክረምትና በበጋ በስንት ሰዓት የእግር ጉዞ እንደሚደረስ ቢጠየቅ ይሻላል።

ስለ ኑሮ ደረጃ። የቡና ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው ምርቱን በሚሸጥበት ወራት ነው። «የወር ገቢህ ስንት ነው?» ቢባል ከልቡ ሊመልስ አይችልም፤ ነገሩም የግብር ጥያቄ ይመስለዋል። ቤቱ ሣር ወይም ቆርቆሮ መሆኑ፣ ስንት ከብት እንዳለው፣ ባለፈው ዓመት እህል ያለቀበት ወር መኖሩና አለመኖሩ ቢጠየቅ ግን ያለ ፍርሃት ይናገራል።

ስለ ትምህርት። ሐኪሞች ሕመምን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር እንዲመዘንላቸው ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ሕመምን በቁጥር መመዘን እንግዳ ነገር ነው። በውጭ አገር ለሕፃናት 4 ክብ የመጫወቻ ቁራጮችን ሰጥተው፥ «ሕመምህ ስንቱን ያህላል?» የሚሉበት ዘዴ አለ። በእኛ አገር 10 የቡና ፍሬ በመላሹ ፊት አኑሮ፥ የሕመሙን ያህል እንዲያነሣ ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል። በእርግጥ ማንኛውም አዲስ መመዘኛ በብዙ ሰው ላይ ተሞክሮ ልክ መሆኑ ሳይታወቅ ለጥናት ሊውል አይገባም። የመላሹ ትምህርት ከተጻፈ ግን፥ የተሰጠው ቁጥር ምን ያህል የሚታመን እንደ ሆነ ለመገመት ይረዳል።

ስለ ቋንቋ። አማርኛችን ራሱ ለጠያቂው ወጥመድ አለው። «ሕመም» ስንል ሁለት ነገር እንላለን፤ በሽታውንም፥ በሽታው የሚያመጣውን ስሜትም። «አሞሃል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ስለ በሽታ የተጠየቀ መስሎት፥ ጉልበቱ እየቆረጠመው «አላመመኝም» ሊል ይችላል። ስሜቱን ለመግለጽ ግን ቋንቋችን ሀብታም ነው፤ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ያቃጥለኛል እንላለን፤ እያንዳንዱም ለሐኪም የተለየ ነገር ይነግረዋል። የቤንች፣ የዲዚ፣ የሸኮ፣ የሜኒት፣ የሱሪ፣ የካፋ፣ የሸካና የመዠንግር ሕዝቦችም እንዲሁ የየራሳቸው ቃል አላቸው። በአማርኛ ብቻ የተደረገ ጥናት አማርኛ የሚያውቀውን ነጋዴና ሠራተኛ ሕመም ይዞ፥ የሌላውን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው በምን ቋንቋ እንደ ቀረበ፣ ማን እንዳስተረጎመና በአጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደ ነበረ በቅጹ ላይ መጻፍ አለበት። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ የመለሰች ሴትና ብቻዋን የመለሰች ሴት አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

መጠየቅ ገደብ አለው

እስከ አሁን ስለ መጠየቅ ጥቅም ተናገርሁ። አሁን ደግሞ ስለ ገደቡ ልናገር። አንድ ጥያቄ በቅጹ ላይ የሚገባው፥ ጥናት አድራጊው «ይህን የጠየቅሁት ለዚህ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ሲችል ብቻ ነው። ሌሎች ቅጾች ላይ ስላለ ብቻ የሚጨመር ጥያቄ የሰውን ጊዜ ይሰርቃል፤ ጥርጣሬም ያሳድራል።

ይልቁንም ስለ ብሔረሰብና ስለ ሃይማኖት የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሎስ አንጀለስ የታየው እንደሚያስረዳ፥ በደል መኖሩን ለመመርመር ሲባል መጠየቁ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያው መረጃ ሰውን በጅምላ ለመፈረጅም ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ማርክ ዝቦሮውስኪ የተባሉ ተመራማሪ በኒው ዮርክ የልዩ ልዩ ዘር ተወላጆች ሕመማቸውን እንዴት እንደሚገልጹ ጻፉ። ጽሑፉ ባህል በሕመም አነጋገር ላይ ያለውን ኃይል ቢያሳይም፥ እገሌ የሚባል ሕዝብ ቻይ ነው፥ እገሌ የሚባለው ጯኺ ነው ለሚል ፍርድ መንገድ የሚከፍት ነው ተብሎ ተነቅፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቨርጂኒያ በተደረገ ጥናት ደግሞ፥ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ጀማሪ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁር ሰው ሰውነት ቢያንስ አንድ የሐሰት እምነት ነበራቸው፤ ከእነዚህም አንዱ የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለው እምነት የነበራቸው የጥቁሩን ሕመም አሳንሰው ገምተዋል። በእኛም አገር «እነዚያ ሰዎች ሕመም አይሰማቸውም» የሚል ቃል ከተማረ ሰው አፍ ሲወጣ ይሰማል። ይህ ዕውቀት አይደለም፤ የታመመን ሰው ያለ መድኃኒት ለመተው የሚቀርብ ሰበብ ነው።

ስለዚህ ቋንቋውን ማወቅ የሚበቃ ከሆነ ብሔረሰቡን አንጠይቅ፤ ቀበሌውን ማወቅ የሚበቃ ከሆነ የቤቱን ስፍራ አንጻፍ። ስሙ ከመልሱ ተለይቶ በሌላ ወረቀት ይቀመጥ፤ በቁልፍም ይጠበቅ። በትንሽ መንደር ውስጥ ስሙ ባይጻፍ እንኳ፥ «የ60 ዓመት ባል የሞተባት ሸክላ ሠሪ» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጥራት አይለይም። የሰው ፈቃድ ሳይጠየቅ ጥናት እንዳይደረግ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1956 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ባወጣው መግለጫ ወስኗል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቶ፥ ስለ ሰው ጤንነትና ስለ ዘሩ የሚናገር መረጃ የተለየ ጥበቃ የሚሻ መሆኑን ደንግጓል። በየጤና ኬላው የሚቀመጠውም የቤተ ሰብ ማኅደር ለጎረቤት ወሬ የሚሆን መዝገብ አይደለም።

ሁለት መቃወሚያዎች

አንዳንድ ሰዎች «ሕመምተኛ የሚፈልገው መድኃኒት እንጂ ጥያቄ አይደለም» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለበት። በሕመም የሚያቃስተውን ሰው መጀመሪያ ማስታገሻ መስጠት፥ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ለሚመጣው ዓመት ስንት ማስታገሻ፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያ፣ ለምን ዓይነት ሕመም እንደሚያስፈልግ የምናውቀው ዛሬ በጻፍነው ነው። ያልተጻፈ ሕመም በጀት አያገኝም።

ሌሎች ደግሞ «ሕዝቡ መጠየቅ ሰልችቶታል» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ የመሰልቸቱም ምክንያት ፍትሐዊ ነው። ጠያቂው መጥቶ፣ ጠይቆና ጽፎ ይሄዳል፤ ያገኘውን ግን ተመልሶ አይናገርም። ውጤቱን ለሰጪው ሕዝብ፥ በሚገባው ቋንቋ፥ በገበያ ቀን ወይም በቀበሌ ስብሰባ መናገር እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ ዕዳ ሊቆጠር ይገባል።

ያልተጠየቀ ሕመም የት እንደሚሄድም እናውቃለን። ወደ ዋግምት፣ ወደ መተኮስ፣ ወደ እንጥል ማስቆረጥና ባልተቀቀለ ጉጠት ጥርስ ወደ ማስነቀል ይሄዳል። አንድ ምላጭ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ አብረው ይተላለፋሉ፤ ከቆሸሸ ብረትም መንጋጋ ቆልፍ ይመጣል። ይህች መጽሔት በየወሩ ስለ ንጽሕና ትጽፋለች፤ ነገር ግን ምላጩን አትንኩ ማለት ብቻ አይበቃም። ወደ ምላጩ የሚሄደው ማን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው ቀበሌና በየትኛው ሕመም ምክንያት እንደሚሄድ ካወቅን፥ ምክራችንና መድኃኒታችን ወደ ትክክለኛው በር ይደርሳሉ።

መምህራን ሊያደርጉ የሚችሉት

አንደኛ፥ በየትምህርት ቤቱ የአካባቢው የዘመን ማስታወሻ ይዘጋጅ። መንገዱ የገባበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ትልቅ ጎርፍ ወይም በሽታ የነበረበት ዓመት ከሽማግሌዎች ተጠይቆ በየዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ። ይህ ማስታወሻ የሰውን ዕድሜ ለመገመት ለጤና ሠራተኛው ታላቅ መሣሪያ ይሆነዋል።

ሁለተኛ፥ በአካባቢው ቋንቋ ስለ ሕመም የሚነገሩ ቃላት ከነትርጉማቸው ይሰብሰቡ። አሮጊቶችና አዋላጆች ይጠየቁ፤ የሴቶች ቃል ከወንዶች ሊለይ ይችላልና።

ሦስተኛ፥ አስተርጓሚ የሚሆን መምህር የሰውየውን ቃል እንዳለ ያስተላልፍ። አያሳምር፤ አያሳጥር፤ «እርሱ ማለት የፈለገው» እያለ የራሱን አሳብ አይጨምር። የሰማውንም ከዚያ ቤት ይዞ አይውጣ።

አራተኛ፥ ጥናት አድራጊው ሲመጣ መምህሩም ይጠይቀው። የፈቃድ ደብዳቤህ የት ነው? ይህ ጥያቄ ለምን ያስፈልጋል? ወረቀቱን ማን ያስቀምጠዋል? ውጤቱን መቼ ታመጣልናለህ? እነዚህን ለመመለስ የማይፈቅድ ሰው ሊረዳ አይገባውም።

አምስተኛ፥ የትምህርት ቤቱ የስም መጥሪያ መዝገብ ራሱ የሕመም መዝገብ መሆኑ ይታሰብ። «ቀረች» ተብሎ ብቻ የሚጻፍላት ልጃገረድ በየወሩ በተመሳሳይ ጊዜ የምትቀር ከሆነ፥ የወር አበባ ሕመም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ሴት መምህርት በእርጋታና ብቻዋን ትጠይቃት እንጂ በክፍል ፊት አይጠየቅ። ሕፃናትን ለጥናት ለመጠየቅም የወላጅ ፈቃድ የግድ ነው።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ምክር የተነገረው ለሕመምተኛው ነው። ነገር ግን በማይሰማው ቋንቋ፣ በማይስማማው ጥያቄ፣ በማያምነው ሰው ፊት የተጠየቀ ሕመምተኛ ደብቋል ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። ግዴታው መጀመሪያ የእኛ የጠያቂዎቹ ነው። እንግዲህ ከመጪው ወር ጀምሮ ቅጽ ይዘን በየበሩ ስንቆም፥ የመጀመሪያውን ገጽ ለመሙላት ያህል ሳይሆን ሰውየውን ለማወቅ ብለን እንጠይቅ፤ የነገረንንም እንደ አደራ እንጠብቅ፤ ያገኘነውንም ተመልሰን እንንገረው።